ቁልቁለት ሰፈር ደህና ነው

በወይራ አምባ ከተማ ካሉት ሰፈሮች ሁሉ ጤነኛው፣ ጠግቦ የሚያድረው፣ የማይቸኩለውና ከማንም ምንም የማይፈልገው ቁልቁለት ሰፈር ነበር። የመልስ ቢሮ በየዓመቱ የሚያወጣው መግለጫ እንዲያ ይላል። ስለዚህም የምሳ ጋሪው ቁልቁለት ሰፈር ሲደርስ ሳይቆም ያልፋል። አውቶቡሱ ጠዋት አንዴ ይመጣል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ደስ ሲለው። የመንገድ መብራቱም «ጨለማው ብዙም አያስቸግረንም» የሚል ሕዝብ የሚኖርበት ስለሆነ ግማሹ ተነቅሎ ወደ አፋፍ ሰፈር ሄዷል። አፋፍ ሰፈሮች ማጉረምረም ያውቁበታል። ልጃቸውን እሾህ ቢወጋው፣ ለጠያቂው ሲነግሩት እግሩ የተቆረጠ ነው የሚመስለው። የእኛዎቹ ግን ጨዋ ናቸው። ይኸው ጨዋነታቸው ነው ጉድ ያደረጋቸው።

ጠያቂው በየቤቱ መቃን ላይ የተለጠፈ፣ የሻይ ሰሃን የሚያክል ነጭ ነገር ነው። ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደራችሁ?» ይላል። ሰው ይመልሳል። መልሱ ወደ መልስ ቢሮ ይሄዳል፤ ሐኪሙም፣ እህሉም፣ ውሃውም በመልሱ ልክ ይደለደላል። ቁልቁለት ሰፈር ውስጥ ደግሞ «እንዴት አደራችሁ?» ለሚል ፍጡር፣ ሰውም ይሁን ግድግዳ፣ መልሱ አንድ ነው። ክርስቲያኑ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ ሙስሊሙ «ደህና፣ አልሐምዱሊላህ» ይላል። ትኩሳት ይዞት አልጋ ላይ የተጋደመው ደግሞ ከሁሉም ጮክ ብሎ ነው የሚለው፤ እንዳያስጨንቅ።

ጋሽ ባስልኤል በዚህ አሠራር ላይ ቅሬታ ኖሯቸው አያውቅም። ጠያቂው በተለጠፈ ሰሞን እንዲያውም «ግባ እንጂ፣ በር ላይ ምን ያስቆምሃል» ብለውት ያውቃሉ። ባለቤታቸው እትዬ ሶልያና በበኩላቸው፣ እንዲህ ባዶውን ሲታይ ቅር ስላላቸው ዳንቴል ሠርተው ዙሪያውን አልብሰውታል። ስማቸውን ሰምታችሁ ወጣት እንዳይመስሏችሁ። ባስልኤል፣ ሶልያና፣ ናሆም፣ ሔመን የሚባል ሰው ሁሉ ዛሬ ጥርሱን አስተክሎ ጡረታ ላይ ነው። የዘንድሮ ወጣት ስሙ ትርንጎ ነው፣ ደምሴ ነው፣ አስካለ ነው። ጋሽ ባስልኤል ምክትል ርዕሰ መምህር ሆነው ነው ጡረታ የወጡት። ሠርግ ላይ ንግግር እንዲያደርጉ ሲጠየቁ መጀመሪያ እንቢ ይላሉ፣ ከተነሡ በኋላ ግን የሚያስቀምጣቸው የለም።

የኩላሊት እጥበቱ ዜና የመጣው በራሱ በጠያቂው አፍ ነው። አንድ ጠዋት እትዬ ሶልያና «ደህና አደርን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ሳይጨርሱ፣ ጠያቂው ደስ ባለው ድምፅ «እንኳን ደስ አላችሁ» አለ። ቁልቁለት ሰፈር ዘንድሮም በጤና አንደኛ ወጥቷል። በዚህም ምክንያት በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ያለው የኩላሊት ማጠቢያ መሣሪያ፣ ከመስቀል በዓል በኋላ፣ ይበልጥ ወደሚፈለግበት ወደ አፋፍ ሰፈር ይዛወራል።

«እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» አሉ እትዬ ሶልያና።

ለምን እንዳመሰገኑ የገባቸው ትንሽ ቆይቶ ነው። በርጩማው ላይ ተቀመጡ። በየሁለት ቀኑ እዚያ ሄደው በዚያ መሣሪያ ኩላሊታቸውን የሚታጠቡት እሳቸው ናቸው። ጤና ጣቢያው ከቤታቸው ታች መታጠፊያው ላይ ስለሆነ የባላቸውን ክንድ ይዘው በእግር ይደርሳሉ። ሲመለሱ ግን የገዛ ቤታቸውን ደረጃ እንኳ አርፈው አርፈው ነው የሚወጡት። አፋፍ ሰፈር ደግሞ ስሙ እንደሚለው አፋፍ ላይ ነው፤ ዳገቱ ጎረምሳ ያስተነፍሳል። አውቶቡሱም ነገሩ እንደነገርኳችሁ ነው።

«ይሁና፣ እንወጣዋለን» አሉ ጋሽ ባስልኤል፣ ጫማቸውን ለማሰር ጎንበስ እንዳሉ።

«አዎ፣ ምን አላት፣ እንወጣዋለን» አሉ እትዬ ሶልያና።

ሁለቱም ውሸታቸውን ነበር። ጋሽ ባስልኤል ክሩን በጣታቸው እንደያዙ ቀሩ። ፈሩ። ሚስታቸውን በቁማቸው እያሉ ያጡ መሰላቸው። ግን ይሄ ለማን ይነገራል? ቀና አሉና «የዛሬው ጠዋት ደግሞ እንዴት ያለ ፀሐይ ነው» አሉ።

ጤና ጣቢያው የሕመምተኛ መዝገብ የለውም ወይ የሚል አይጠፋም። አለው። ግን የመልስ ሕጉ «ሰው ስለ ራሱ የሚናገረው ቃል ከማንኛውም መዝገብ ይቀድማል» ይላል። የሚያምር ሕግ ነው። የወጣ ዕለት አደባባይ ተወጥቶ ተጨፍሮለታል፤ ጋሽ ባስልኤልም ሲጨፍሩ ወገባቸውን ቀጭቷቸው ነበር። ስለ ወገባቸው በማግስቱ ሲጠየቁ ምን እንዳሉ መገመት አያቅትም።

ዜናው በመጣ በሳምንቱ ትርንጎ መጣች። ትርንጎ የሰፈሩ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ ተምራ ተመልሳ፣ የሰፈሩን ወጣቶች ሰብስባ «የመልሳችን ባለቤቶች» የሚል ማኅበር አቋቁማለች። የሚሰበሰቡት እድሩ ድንኳኑን በሚያስቀምጥበት መጋዘን ውስጥ ነው፤ ወንበር ስላጠረ ግማሾቹ የተደፋ ድስት ላይ ይቀመጣሉ። የሚሉት ነገር ባጭሩ ይሄ ነው፤ ከእኛ አፍ የወጣ መልስ እኛው ላይ እየተፈረደበት ነውና፣ እንዴት እንደሚጠየቅና የት እንደሚሄድ እኛም እንወስን።

«ጋሽ ባስልኤል፣ ደጋፊ ሽማግሌ እንዲሆኑን ልለምንዎ ነው የመጣሁት» አለች። «ከሠላሳ ዓመት በታች ያለ ሰው ለመልስ ቢሮ አቤት ሲል ከጎኑ ሽማግሌ ካልተቀመጠ አይሰሙትም። የእጥበቱን መሣሪያ ጉዳይ ይዘን ልንቀርብ ነው።»

የጋሽ ባስልኤል ልብ በደስታ ዘለለች። «አይ፣ እኔ ደግሞ ምኑን አውቄው» አሉ። «ሌላ የሚሻል ሰው ፈልጉ።»

«እሺ ጋሽዬ፣ አላስቸግርዎትም» አለች ትርንጎ፣ ተነሥታም ነጠላዋን አስተካከለች።

ጋሽ ባስልኤል ደነገጡ። ልጅቱ ልትሄድ ነው እንዴ? ዩኒቨርሲቲው ምንድነው ያስተማራት? በሩ ድረስ ተከትለዋት ሄዱ። «ማለቴ፣ አቅሙም የለኝም፣ ዕድሜውም…» እያሉ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ክፍት ተዉላት። ትርንጎ በሩ ላይ ቆመች፤ አየቻቸው። ቀስ ብላ «በሞቴ» አለች።

«እንዲህ ካልሽማ ምን አደርጋለሁ» አሉ፣ እሷ አፏን ሳትዘጋ።

ትርንጎ ወዲያው አልሄደችም። ጠያቂውን በዳንቴሉ ውስጥ ቀና ብላ አየችው፣ ከዚያ ጋሽ ባስልኤልን አየች፣ ከዚያ እንደገና ጠያቂውን። ያኔ ምን እያሰበች እንደነበር ጋሽ ባስልኤል የገባቸው ብዙ ቆይተው ነው። ያን ሰዓት የሚያስቡት ንግግራቸውን ምን ብለው እንደሚጀምሩ ነበር።

ደጋፊ ሽማግሌ ሰማያዊ ሻሽ በትከሻው ላይ ያጣፋል። ጋሽ ባስልኤል ሻሹን ለስብሰባ ብቻ ሳይሆን ዳቦ ሊገዙም ያደርጉት ጀመር። እትዬ ሶልያና «እሱን አውልቀህ ብላ፣ ወጥ ይነካዋል» እስኪሏቸው ደረሱ። መጋዘኑ ውስጥ ስብሰባው የሚከፈተው በሳቸው ንግግር ነው፤ ደጋፊ ማለት ንግግር የሚከፍት ማለት መስሏቸዋል። «በእኛ ጊዜ» ይላሉ፣ «ኔትወርክ ሲጠፋ ሰማይ ሰማይ እያየን እንጠብቅ ነበር እንጂ አናማርርም።» ወጣቶቹ ድስታቸው ላይ እንደተቀመጡ በትህትና ያዳምጣሉ። ከጨረሱ በኋላ «ረዘመ እንዴ?» ብለው ይጠይቃሉ።

«ኧረ አልረዘመም ጋሽዬ» ይላሉ ሁሉም ባንድ አፍ።

ይሄም እንግዲህ መልስ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ንግግሩ ይጨምራል።

ወጣቶቹ ንግግሩ ሲያልቅ ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። ቤት ለቤት እየዞሩ ራሳቸው ይጠይቁ ጀመር። ትርንጎ ያሠለጠነቻቸው አጠያየቅ ልዩ ነበር፤ ያን ቀን ጋሽ ባስልኤል በር ላይ ያገኘችው ነው። መጀመሪያ ይጠይቃሉ፤ «ደህና» ይባላሉ። ሁለተኛ «እውነት?» ይላሉ፤ «ኧረ ደህና» ይባላሉ። ከዚያ ቁጭ ይሉና «በሞቴ» ይላሉ። ያን ጊዜ ሰውየው በሩን ዘጋ ያደርግና ይናገራል። አንዷ ቤት የዐይን ሕመም ወጣ፤ አንዷ ቤት ምሳ ከተበላ መሰንበቱ ወጣ። የጋሽ ባስልኤል የልብ ወዳጅ ጋሽ ኢምራን፣ ሁልጊዜ «አብሽሩ» የሚሉት ሰውዬ፣ ለካ እሳቸውም እትዬ ሶልያና በማይሄዱበት ቀን ኩላሊታቸውን ይታጠቡ ኖሯል። ከወዳጃቸው ጋር በየቀኑ ዳማ እየተጫወቱ ሁለቱም ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቃል ተንፍሰው አያውቁም። ጋሽ ባስልኤል ይሄን ሲሰሙ ተቀየሙ። ከዚያ ስለ ሶልያና እሳቸውስ ለኢምራን መች እንደነገሩ አሰቡና ቂማቸውን ተዉት።

ወጣቶቹ የሰበሰቡትን ለመልስ ቢሮ ላኩ። ቢሮው በትህትና መለሰ። «ከአንድ ጊዜ በላይ የተጠየቀ ሰው እንደ ተገደደ ይቆጠራል፤ የተገደደ መልስ ተቀባይነት የለውም። ሆኖም ጉዳያችሁን በሰፈራችሁ ተገኝተን እንሰማለን።»

ከመስቀል በፊት ባለው ቅዳሜ የእድሩ አዳራሽ ሞላ። ጠዋት ትርንጎ ጋሽ ባስልኤልን ለብቻቸው ወደ ጥግ ወሰደቻቸው።

«ጋሽዬ፣ ዛሬ ንግግር አያስፈልግም» አለች። «የሚሰሙን አቶ ኢዮስያስ የሚባሉ ናቸው። ሕጉ ደጋፊው መጀመሪያ ይጠየቅ ስለሚል፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት እርስዎን ነው። አዳራሹ ውስጥ ጠያቂ ተለጥፏል፣ የሚሉት ሁሉ ይያዛል። እንዴት ነዎት ሲሉዎት፣ እውነቱን ይንገሯቸው። በቃ።»

«ይሄማ ምን ያቅታል» አሉ ጋሽ ባስልኤል። ሌሊቱን መስተዋት ፊት ቆመው «ደህና አይደለንም» ማለትን ተለማምደዋል። በእርግጥ መስተዋት ውስጥ ያለው ሰውዬ አሳዝኗቸው፣ መጨረሻ ላይ «አይዞህ፣ ደህና ነን» ብለውት ነው የተኙት።

አቶ ኢዮስያስ ቀጠን ያሉ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ገና ሲቀመጡ አስካለ የተባለችው ልጅ ድፎ ዳቦ በሰሃን አቀረበችላቸው።

«በልቼ ነው የመጣሁት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ አቶ ኢዮስያስ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው።

«ትንሽ ይቅመሱ» አለች አስካለ።

«እውነቴን ነው፣ ጠግቤያለሁ።»

«በሞቴ።»

አቶ ኢዮስያስ አንድ ቁራሽ አነሡ። ጥሩ ነበር መሰለኝ፣ ሁለተኛም አነሡ። አፋቸውን ጠርገው የአዳራሹ ጠያቂ እንዲከፈት አዘዙ። ከዚያ ወደ ጋሽ ባስልኤል ዞረው፣ እንደ ደንቡ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው ሰላም አሏቸው።

«እንዴት ነዎት ጋሽ ባስልኤል?»

ሰውዬው ተነሥተው፣ ጎንበስ ብለው፣ እንዲህ በአክብሮት ሲጠይቋቸው ጋሽ ባስልኤል ሌላ ምን ይበሉ? ሻሻቸውን አስተካክለው እሳቸውም ብድግ አሉ።

«በጣም ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ቤተሰብስ?»

«ሁሉም ደህና።»

«ባለቤትዎስ?»

«እሷማ አንበሳ ናት» አሉ ጋሽ ባስልኤል። «እርስዎስ? ልጆች ደህና?»

ጠያቂው «ተመዝግቧል» አለ።

 ጋሽ ባስልኤል ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ትርንጎን አዩ፤ ትርንጎ ዐይኗን ጨፍናለች። ከዚያ ሶልያናን አዩ። ሶልያና በሁለተኛው ረድፍ ቀጥ ብለው ተቀምጠው እጃቸውን እያዩ ነበር። ያን ጊዜ ምን እንዳደረጉ ገባቸው። ሚስታቸውን በአንድ ሰላምታ አፋፍ ላይ ሰቅለዋት ቁጭ አሉ። ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

አቶ ኢዮስያስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ደጋፊ ሽማግሌው ራሳቸው ደህና ነን ካሉ…» አሉ። የሚያሳዝኑ ሰው ነበሩ፣ ደስ ያላቸው አይመስሉም። «ውሳኔው ይጸናል ማለት ነው።»

ትርንጎ ተነሣች።

«እርሳቸውን እንደገና ልጠይቃቸው?»

«አይቻልም። ሁለተኛ ጥያቄ ማስገደድ ነው።»

«እሺ» አለች ትርንጎ። «እንግዲያው አንድ አቤቱታ ላስመዝግብ። ዛሬ ጠዋት በዚህ አዳራሽ አንድ የመልስ ቢሮ ኃላፊ ተገድደው ዳቦ በልተዋል።»

አቶ ኢዮስያስ ቀና አሉ።

«መጀመሪያ ሲጠየቁ በልቻለሁ ብለዋል» አለች ትርንጎ። «ሁለተኛ ሲጠየቁ ጠግቤያለሁ ብለዋል። በሕጉ መሠረት የመጀመሪያው ቃል ነው እውነቱ። ሦስተኛው ላይ ግን ሁለት ቁራሽ በሉ። ወይ አስካለ ወንጀለኛ ናት፣ ወይ ደግሞ እርስዎ ጠዋት ቁርስ ሳይበሉ ነው የመጡት።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞከረ። አቶ ኢዮስያስ የበሉበትን ሰሃን አዩት። ጆሯቸው ቀላ።

«ቁርስ አልበላሁም» አሉ በመጨረሻ።

«ያ ጠያቂ የሚጠይቀን አንዴ ነው» አለች ትርንጎ። «እኛ ለአንደኛው ጥያቄ የምንመልሰው ስለ ራሳችን አይደለም፤ ጠያቂው እንዳይጨነቅ ነው። እናታችንም እንዲሁ ነው ያሳደገችን፣ የእርስዎም እናት እንዲሁ ነው ያሳደገችዎት። እናንተ ያንን ሰላምታ ወስዳችሁ ሐኪም ታዛውሩበታላችሁ። እኛ የምንለው ወይ እንደ ሰው ጠይቁን፣ ወይ ያልነውን መልሱልን ነው።»

አቶ ኢዮስያስ በእጃቸው ወደ ጋሽ ባስልኤል ጠቆሙ። «ይጠይቋቸው» አሉ።

ትርንጎ መጥታ ከጋሽ ባስልኤል ወንበር አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«ጋሽዬ፣ እንዴት ነዎት?»

«ደህና ነኝ የኔ ልጅ» አሉ። አፋቸው ነው የተናገረው።

«እውነት?»

«ኧረ ደህና…»

«በሞቴ።»

ጋሽ ባስልኤል ንግግር የሚያምርላቸው ሰው ናቸው። በልባቸው የከበደ መግቢያ ተዘጋጅቶ ነበር፣ መካከሉም መጨረሻውም ተዘጋጅቶ ነበር። አንዱም አልመጣም።

«ደህና አይደለሁም» አሉ። «ስለ ሶልያና ያልኩትም የኔ መልስ አልነበረም። ስለ እሷ እሷን ጠይቋት።»

ሰማያዊውን ሻሽ ካደረጉ ጀምሮ የሰጡት ድጋፍ ይሄ ብቻ ነበር፤ ያንንም ቁጭ ብለው ነው የሰጡት።

ሰው ሁሉ ወደ ሁለተኛው ረድፍ ዞረ። ትርንጎ ወደ እትዬ ሶልያና ሄደች። አንዴ ጠየቀቻቸው፣ «ደህና ነኝ» አሉ። ሁለቴ ጠየቀቻቸው፣ «ምን እሆናለሁ ልጄ» አሉ። ሦስተኛው ላይ እትዬ ሶልያና ሻሻቸውን ወደ ኋላ ሳብ አድርገው አቶ ኢዮስያስን ቀጥ ብለው አዩአቸው።

«የቤቴ ደረጃ አቅቶኛል» አሉ። «መሣሪያውን ወደ አፋፍ ከወሰዳችሁት እኔ አልወጣም። እዚሁ ቤቴ እቀመጣለሁ፣ እስከምቆየው እቆያለሁ። ማንንም አልከስም፤ ደህና ነኝ ያልኩት እኔው ነኝ። ግን አልወጣም።»

ጋሽ ኢምራን በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ። «እኔም» አሉ፣ «ማማረሬ እንዳይሆንብኝ እንጂ፣ ደህና አይደለሁም።» ከኋላቸው አንዲት ሴት ስለ ዐይኗ ተናገረች። አንዱ ስለ ምሳ ጋሪው ተናገረ። አንዱ ስለ መብራቱ። ያ ሁሉ ዓመት የተዋጠ ነገር አንዴ መውጣት ሲጀምር የሚያቆመው ጠፋ። ስለ ጎረቤታቸው ዶሮ ሳይቀር የተናገሩ ነበሩ። አቶ ኢዮስያስ አፋፍ ሰፈር እንኳ እንዲህ ሲያጉረመርም ሰምተው እንደማያውቁ በኋላ ተናግረዋል። ያን ቀን ዳቦው እስኪያልቅ ተቀምጠው ሰሙ።

ጥቅምት ላይ ውሳኔው መጣ። መሣሪያው ባለበት ይቆያል። ጠያቂው ከእንግዲህ እስከ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። የተመለሰውም መልስ ባለቤቱ «ይሂድ» ካላለ ከቤት አይወጣም። ትርንጎ ግን ሙሉ በሙሉ አልረካችም። ቢሮው የእነሱን አጠያየቅ ወስዶ የራሱ ፈጠራ አስመስሎ በየከተማው እያስተዋወቀ ነው፤ የድሮዎቹ መልሶችም የት እንዳሉ እስካሁን አልተነገረም። መጋዘኑ ውስጥ ስብሰባው ቀጥሏል። ጋሽ ባስልኤል አሁንም ሻሻቸውን አድርገው ይከፍታሉ። ሲጨርሱ «ረዘመ እንዴ?» ይላሉ። «ኧረ አልረዘመም» ይባላሉ። «በሞቴ» ሲሉ ግን «ትንሽ» ይሏቸዋል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ እያጠረ መጥቷል።

አዲሱ አጠያየቅ ቤታቸው የገባ ዕለት ጠዋት፣ እትዬ ሶልያና በርጩማው ላይ ነበሩ፤ ጋሽ ባስልኤል ደግሞ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ያስራሉ።

«እንዴት አደራችሁ?» አለ ጠያቂው።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ እትዬ ሶልያና።

«እውነት?»

«እውነት።»

«በሞቴ» አለ ጠያቂው።

እትዬ ሶልያና ሳቁ። ከክረምት ወዲህ እንዲህ ሲስቁ ተሰምተው አያውቁም። «አንተ ደግሞ ምን ሞት አለህና ነው?» አሉት። ከዚያ እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠርገው «ትናንት ከእጥበቱ ስመለስ ራሴን አዞረኝ። ይሂድ» አሉ። መልሱ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ከጤና ጣቢያው አንዲት ነርስ እንደምትመጣ ተነገራቸው።

እትዬ ሶልያና ወደ ባላቸው ዞሩ።

«አንተስ እንዴት አደርክ?»

«እኔ ደግሞ ምን እሆናለሁ።»

«እውነት?»

«ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ።»

«አፈር ስሆን» አሉ እትዬ ሶልያና።

ጋሽ ባስልኤል ክሩን በጣታቸው ይዘው ቀሩ። ቀና አላሉም።

«እፈራለሁ» አሉ። «ጠዋት ጠዋት ለዚህ ነገር ደህና ነኝ ስትዪው፣ እኔ የምሰማው ድምፅሽን ነው። አንድ ቀን ይጠይቅና የሚመልስለት ይጠፋል እያልኩ እፈራለሁ። በየቀኑ ነው የምፈራው።»

እትዬ ሶልያና ከበርጩማው ተነሡ። ወርደው አጠገባቸው ደረጃው ላይ ተቀመጡና እጃቸውን በባላቸው ጀርባ ላይ አሳረፉ። 

«ይሂድ?» አለ ጠያቂው ከኋላቸው።

«አይሂድ» አሉ ሁለቱም ባንድ ላይ።

«ይሄ የቤታችን ነው» አሉት እትዬ ሶልያና። ከዚያም ቅር እንዳይለው ብለው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡና ዳንቴሉን አስተካከሉለት።